ስለ ስዋሚማላይ የነሐስ ምስሎች አሠራርና ንግድ

ነጋዴ የሚገዛውንና የሚሸጠውን ዕቃ ጠባይ ጠንቅቆ ማወቅ ይገባዋል። ቡና የሚልክ ሰው የታጠበውን ካልታጠበው ለይቶ ካላወቀ፣ ጨርቅ የሚያስመጣም ሰው ጥጡን ከሰው ሠራሹ ክር ካልለየ፣ የሚያገኘው ትርፍ የዕድል እንጂ የዕውቀት አይደለም። ነገር ግን በእጅ ቢዳሰስ፣ በሚዛንም ቢመዘን ጠባዩ የማይታወቅ ዕቃ አለ። በደቡብ ሕንድ የሚሠሩት የሂንዱ አማልክት የነሐስ ምስሎች ከዚህ ዓይነት ናቸው። ከአንድ ሠራተኛ እጅና ከአንድ ምድጃ የወጡ ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ቢቆሙ፣ አንደኛው በደረሰኝ የሚሸጥ ሸቀጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከቶ የማይሸጥ፣ እንዲያውም ራሱ የንብረት ባለቤት ሆኖ በፍርድ ቤት የሚከራከር ሊሆን ይችላል። ይህን ልዩነት ያላወቁ ገዢዎች ብዙ ገንዘብ ከስረዋል። ስለዚህ የምስሎቹን አሠራር፣ ከሸቀጥነት የሚወጡበትን ሥርዓትና በንግዳቸው ላይ የደረሰውን ክርክር በአጭሩ መግለጽ ጠቃሚ ይሆናል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሥራው ቦታና አመጣጡ

ስዋሚማላይ በታሚል ናዱ ግዛት፣ በታንጃቩር አውራጃ፣ ከኩምባኮናም ከተማ አጠገብ በካቬሪ ወንዝ ዳር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ስታፓቲ የሚባሉት የምስል ሠሪዎች ይኖራሉ። ሥራው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ሠሪዎቹ ቀደምት አባቶቻቸው የቾላ ነገሥታት ቤተ መቅደሶችን ከሠሩት ባለ ሙያዎች ወገን እንደ ነበሩ ይናገራሉ።

የቾላ ነገሥታት ከ9ኛው እስከ 13ኛው መቶ ዓመት ድረስ ደቡብ ሕንድን የገዙ ናቸው። በ10ኛው መቶ ዓመት የነበረችው ሰምቢያን ማሃዴቪ የተባለች ንግሥት ለብዙ ቤተ መቅደሶች የነሐስ ምስሎችን አሠርታ ሰጥታለች። ንጉሥ ቀዳማዊ ራጃራጃም በ1010 በታንጃቩር ያስፈጸመው ታላቁ የብሪሃዲሽዋራ ቤተ መቅደስ ዛሬም ቆሞ ይታያል። በዚህ ቤተ መቅደስ ግንብ ላይ ከተቀረጸው ጽሑፍ ብዙው ክፍል የስጦታ ዝርዝር ነው፤ ማን የትኛውን የብረታ ብረት ምስል እንደ ሰጠ፣ ምስሉ ቁመቱ ስንት እንደ ሆነ፣ ስንት እጆች እንዳሉት፣ ጌጡም ስንት እንደሚመዝን በየተራው ተጽፏል። የንግድ ቤት መዝገብ ያዥ ቢያነበው እንግዳ የማይሆንበት ጽሑፍ ነው።

ምስሎቹ ከብረታ ብረት የተሠሩበት ምክንያት ግልጽ ነው። በቤተ መቅደሱ ውስጠኛ ክፍል ያለው ዋናው ምስል ከድንጋይ የተሠራ ስለ ሆነ ከቦታው አይነቃነቅም። በበዓል ቀን ግን አምላኩ ወደ ሕዝቡ ወጥቶ በመንገድ መታየት አለበት። ስለዚህ በሰው ትከሻ ወይም በሠረገላ የሚሄድ ሌላ ምስል አስፈለገ። የጥንቱን ምስል መቀመጫ ያስተዋለ ሰው የመሸከሚያ እንጨት የሚገባበትን ቀለበት ወይም ቀዳዳ ያገኛል። ምስሉ ለበዓል ሲወጣ የሐር ልብስ ለብሶ፣ በወርቅ ጌጥና በአበባ ጉንጉን ተሸፍኖ ስለ ሆነ ምእመናኑ የሚያዩት ከፊቱ በቀር ጥቂቱን ብቻ ነው። በውጭ አገር ሙዚየም ያለ ልብስ ቆሞ የሚደነቀው የሰውነቱ አቀራረጽ በአገሩ ብዙ ሰው የማያየው ነው።

በ1311 በማሊክ ካፉር የሚመራው የዴልሂ ሱልጣን ሠራዊት ወደ ደቡብ በዘመተ ጊዜና ከዚያም በኋላ በተከተሉት ጦርነቶች፣ የቤተ መቅደስ አገልጋዮች ምስሎቻቸውን በመሬት ውስጥ ቀበሩ። ብዙዎቹ የቀበሩት ሰዎች ሳይመለሱ ስለ ቀሩ ምስሎቹ ተረሱ። እስከ ዛሬ ድረስ ገበሬ ሲያርስ ወይም መሠረት ሲቆፈር የሚገኙት ምስሎች ከነዚህ ናቸው። የኋላውን ክርክር ያመጣውም ይህ ነው።

አሠራሩ

ስታፓቲው ሥራውን የሚጀምረው በልክ ነው። ከኮኮናት ቅጠል ቀጭን ገመድ መሰል ቁራጭ ወስዶ በምስሉ ቁመት ልክ ይቆርጠዋል፤ ቀጥሎም እያጠፈ በእኩል ክፍል ይከፋፍለዋል። ዋናው ክፍል ታላ ይባላል፤ ይኸውም በግምት የፊት ርዝመት ነው። አንዱ ታላ በ12 አንጉላ ይከፈላል። የሺቫና የቪሽኑ ምስል በሙሉ ልክ ሲሠራ 124 አንጉላ፣ የአማልክት ሚስቶች ምስል 120 አንጉላ ይሆናል። የዝሆን ራስ ያለው ጋኔሽ ግን አጭርና ወፍራም ስለ ሆነ በአምስት ታላ ይሠራል። በዚህ ምክንያት ምስሉ እንደ ጣት ቢያንስ ወይም ከሰው ቢበልጥ መጠኑ አይዛባም። እያንዳንዱ እጅ የሚይዘው ነገር በጥንት መጻሕፍት የተወሰነ ነው። ለምሳሌ ሺቫ በናታራጃ መልክ ሲጨፍር ላይኛው ቀኝ እጁ የፍጥረት ምልክት የሆነውን ከበሮ፣ ላይኛው ግራ እጁ የጥፋት ምልክት የሆነውን እሳት ይይዛል፤ ታችኛው ቀኝ እጁ አትፍሩ ይላል፤ ታችኛው ግራ እጁ ወደ ተነሣው እግሩ ያመለክታል፤ በሌላው እግሩም የድንቁርና ምሳሌ የሆነውን ድንክ ይረግጣል። ሠሪው ከዚህ ውጭ ልቡ እንዳሰበው ሊለውጥ አይፈቀድለትም። የሠሪው ችሎታ የሚታየው በፊቱ ፈገግታ፣ በወገቡ ዘንበል ማለትና በጣቶቹ አኳኋን ነው።

ልኩ ከተወሰነ በኋላ ምስሉ በሰም ይሠራል። የንብ ሰም ከዛፍ ሙጫና ከኦቾሎኒ ዘይት ጋር ይቀላቀላል፤ ወጪ ለመቀነስ ፓራፊን የሚጨምሩም አሉ። ራሱ፣ እጆቹ፣ እግሮቹና ጌጡ ለየብቻ ተበጅተው በጋለ ብረት ይያያዛሉ። ቀጥሎ ሰሙ ጭቃ ይለብሳል። የመጀመሪያው ልብስ ከካቬሪ ወንዝ ዳር የሚወሰድ እጅግ የላመ ደለል ነው። ይህ ደለል እንደ ዱቄት የለሰለሰ ስለ ሆነ የሰሙን ጥቃቅን ቅርጽ ሁሉ ይይዛል፤ ሠሪዎቹም ሥራቸው ከዚህ ስፍራ ያልወጣበት ዋናው ምክንያት ይኸው ደለል ነው ይላሉ። ይህ በጥላ ሥር ከደረቀ በኋላ ሁለተኛውና ሦስተኛው ልብስ አሸዋ ከተቀላቀለበት ከጠንካራ ጭቃ ይደረጋል። ምስሉ ትልቅ እንደ ሆነ ጭቃው እንዳይፈነዳ በሽቦ ይታሠራል።

ጭቃው ፈጽሞ ሲደርቅ በኩበት እሳት ይሞቃል፤ ሰሙም ቀልጦ በተተወለት ቀዳዳ ይፈስሳል፤ በውስጡ ባዶ ስፍራ ይቀራል። ጭቃው ገና ትኩስ ሳለ ቀዳዳው ወደ ላይ ሆኖ በጉድጓድ ይቀበርና የቀለጠው ማዕድን ይፈስስበታል። ማዕድኑ ፓንቻሎሃ፣ ማለት አምስቱ ብረታ ብረት ይባላል። አብዛኛው መዳብ ሲሆን ናስና እርሳስ ይጨመርበታል፤ ወርቅና ብር የሚገቡት ለቅድስናው በጥቂቱ ነው፤ ምስሉን ያሠራው ሰው ራሱ መጥቶ ቁራጭ ወርቅ ወደ ማቅለጫው የሚጥልበት ጊዜ አለ። ስለ ዋጋው ለሚያስብ ሰው አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅመዋል፤ ይኸውም የሚፈስሰው ማዕድን ክብደት ከሰሙ ክብደት ከስምንት እስከ አሥር እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሠሪው ሰሙን መዝኖ የማዕድኑን ወጪ አስቀድሞ ያውቃል። ይህ ጥበብ በ12ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ሳልሳዊ ሶሜሽዋራ ስም በተጻፈው ማናሶላሳ በተባለው መጽሐፍ ተገልጾ ይገኛል።

የአገራችን ሰው ይህን አሠራር በቅኔ ቤት ቃል ያውቀዋል። ሰምና ወርቅ የሚባለው የቅኔ ስልት ስሙን ያገኘው ከወርቅ ሠሪ ሥራ ነው፤ ሰሙ ቅርጹን ሰጥቶ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በስፍራው ይገባልና።

ማዕድኑ ከቀዘቀዘ በኋላ ጭቃው ይሰበራል። ሰሙም ጭቃውም ስለ ጠፉ ያንኑ ምስል ሁለተኛ ማውጣት አይቻልም። ማዕድኑ በአንድ ስፍራ ሳይደርስ የቀረ እንደ ሆነ የሳምንታት ድካም ከንቱ ይሆናል፤ ሥራው እንደ ገና ከሰሙ ይጀመራል። መልካም የወጣው ምስል በመሮና በሞረድ ይስተካከላል። ሠራተኛው መሬት ላይ ተቀምጦ ምስሉን በእግሮቹ ጣቶች መካከል አጥብቆ ይዞ ጌጡንና የልብሱን እጥፋት ይቀርጻል። ይህ የማስተካከል ሥራ ከማፍሰሱ ይልቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

ከሸቀጥነት የሚወጣበት ሥርዓት

እስከዚህ ድረስ ምስሉ ዕቃ ነው፤ በእግር ይያዛል፣ በመዶሻ ይመታል፣ በሚዛን ይመዘናል። ለአምልኮ የታሰበ ምስል ግን መጨረሻ ላይ ዓይኑ ይከፈታል። በተመረጠ ሰዓት ጸሎት ተደርሶ ስታፓቲው በወርቅ መሮ የዓይኑን ብሌን ይቀርጻል። ከዚያም ምስሉ ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ ካህናቱ ሕይወት የማሳደር ሥርዓት ይፈጽሙለታል። ከዚህ ሰዓት በኋላ በሂንዱ ሃይማኖት ተከታዮች ዘንድ ምስሉ ማዕድን አይደለም፤ እንግዳ ሆኖ የመጣ ጌታ ነው። በጧት ይቀሰቀሳል፣ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ምግብ ይቀርብለታል። ትናንት በእግሩ ይዞት የነበረው ሠራተኛ ዛሬ በእጁም አይነካውም፤ የሚነካው ካህን ብቻ ነው።

ይህ እምነት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ሕግም ሆኗል። በሕንድ ሕግ በሥርዓት የተቀደሰ የአምላክ ምስል በሕግ የሰውነት መብት አለው፤ መሬትና ገንዘብ ሊኖረው ይችላል፤ ሊከስም ሊከሰስም ይችላል። በእርሱ ስም ጉዳዩን የሚያስፈጽም አስተዳዳሪ ይቆምለታል። በ1925 ለሕንድ ከፍተኛው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የለንደኑ ፕሪቪ ካውንስል በአንድ ቤተሰብ ምስል ጉዳይ ይህንኑ አጽንቷል።

በለንደን የተደረገው ክርክር

ይህ ሕግ ከሕንድ ውጭ ላለ ነጋዴ ምን ያህል እንደሚያገባው በ1991 ታየ። በ1976 በታንጃቩር አውራጃ በፓቱር መንደር በፈረሰ ቤተ መቅደስ አጠገብ የሚቆፍር የቀን ሠራተኛ አንድ የሺቫ ናታራጃ ምስል አገኘ። ምስሉ ለመንግሥት ሳይገለጥ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ከአገር ወጣ። በ1982 ባምፐር ዴቨሎፕመንት ኮርፖሬሽን የተባለ የካናዳ ኩባንያ በለንደን ገዛው። ኩባንያው ምስሉን ለጥገናና ለምርመራ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም በላከው ጊዜ ፖሊስ ያዘው። ኩባንያውም በቅን ልቡና የገዛሁት ነውና ይመለስልኝ ብሎ ፖሊስን ከሰሰ።

ከተቃራኒው ወገን የሕንድ መንግሥትና የታሚል ናዱ መንግሥት ብቻ አልቀረቡም፤ የፈረሰው ቤተ መቅደስ ራሱ በወኪሉ አማካይነት፣ በፍርስራሹ ውስጥ የተገኘው የሺቫ የድንጋይ ምልክትም ተከራካሪ ሆነው ቀረቡ። ከዋናዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ለንደን ያለው ምስል በርግጥ ከፓቱር የተገኘው ነው ወይ የሚል ነበር። ባለ ሙያዎች በምስሉ ላይ የቀረውን አፈርና የምስጥ መንገድ ሳይቀር በዚያው ስፍራ ከተገኙት ሌሎች ምስሎች ጋር አመሳከሩ። በ1988 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለቤተ መቅደሱ ፈረደ። በ1991ም የይግባኙ ፍርድ ቤት በታሚል ናዱ ሕግ የሰውነት መብት ያለው ቤተ መቅደስ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት በወኪሉ ሊከራከር ይችላል ብሎ ፍርዱን አጸና። በዚያው ዓመት ምስሉ ወደ ሕንድ ተመለሰ። ለብዙ መቶ ዓመታት የፈረሰ፣ ጣሪያና ካህን የሌለው ቤተ መቅደስ ገንዘቡን የከፈለውን ኩባንያ ረታ ማለት ነው።

የሐሰተኛው ምስል ነገር

የሠሪዎቹ ችሎታ ራሱ ለማታለያ የዋለበት ጊዜም አለ። በ1951 በሲቫፑራም መንደር አንድ የቾላ ዘመን ናታራጃ ከመሬት ተገኝቶ ለመንደሩ ቤተ መቅደስ ተሰጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምስሉ ለጥገና በተላከ ጊዜ ጥገናውን የያዘው ሰው ተመሳሳዩን አሠርቶ አዲሱን ለቤተ መቅደሱ መለሰ፤ ጥንታዊውንም ለነጋዴ ሸጠ። ምእመናኑ ሳያውቁ በአዲሱ ፊት ይጸልዩ ነበር። በ1965 የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ዳግላስ ባሬት በቤተ መቅደሱ ያለው እውነተኛው አለመሆኑን በመጽሐፉ ገለጸ። እውነተኛው ምስል በ1973 ኖርተን ሳይመን ለተባለው የአሜሪካ ባለ ጸጋ ድርጅት በ900,000 ዶላር ተሸጠ። የሕንድ መንግሥት ከሰሰ፤ በ1976 በስምምነት ተጨርሶ ምስሉ አሥር ዓመት በአሜሪካ ከታየ በኋላ በ1986 ተመለሰ።

በቅርብ ዘመንም እንዲህ ያለ ነገር አልቀረም። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2008 ከአንድ የኒው ዮርክ ነጋዴ በ5 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ናታራጃ ከታሚል ናዱ ቤተ መቅደስ የተሰረቀ ሆኖ ስለ ተገኘ በ2014 ለሕንድ ተመለሰ። ነጋዴው ሱባሽ ካፑር በ2011 በጀርመን ተይዞ በ2012 ለሕንድ ተሰጠ፤ በ2022 በኩምባኮናም ፍርድ ቤት የአሥር ዓመት እሥራት ተፈረደበት።

ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባ

ከዚህ ሁሉ የተነሣ የነሐስ ምስል ንግድ የተከለከለ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ይሆናል። አዲስ የተሠራ ምስል በነጻነት ይሸጣል፤ ለሠሪዎቹም እንጀራ ነው። በሕንድ የ1972 የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ መሠረት 100 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ምስል ከማዕከላዊው መንግሥት ወይም መንግሥት ከፈቀደለት ድርጅት በቀር በማንም ሊላክ አይችልም። አዲሱን ምስል የሚልክ ሰው ግን ዕቃው ጥንታዊ አለመሆኑን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ከሕንድ የቅርስ ጥናት መሥሪያ ቤት ማግኘት ይችላል። አስመጪ ከደረሰኙና ከዕቃ ማስጫኛው ወረቀት ጋር ይህን ወረቀት ቢጠይቅ ራሱን ከብዙ ችግር ያድናል። ሻጩ ይህን ወረቀት ማቅረብ ሳይችል ዕቃው ጥንታዊ ነው ብሎ ዋጋ ቢያስወድድ፣ ነገሩ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ወይ የተሰረቀ ነው፣ ወይም አዲሱን በመሬት ቀብሮና በአሲድ አጥቦ ያስረጀው ነው። በሁለቱም መንገድ የሚከስረው ገዢው ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ በአዲሶቹ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ነው። በሰሜን ሕንድ ለናስ ዕቃ የታወቀችው የሞራዳባድ ከተማ በአሸዋ ቅርጽ የሚወጣ የናስ ምስል በብዛት ታወጣለች። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ለተራ ጌጥም ይሆናል። ነገር ግን አንዱ ከሌላው አይለይም፤ የጣቱና የጌጡም ቅርጽ የደበዘዘ ነው። የስዋሚማላይ ምስል በልማዱ ውስጡ ድፍን ስለ ሆነ ከባድ ነው፤ ሁለት ምስሎችም ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይሆኑም። ስሙም በሕንድ የመልክዓ ምድር መለያ ሆኖ ስለ ተመዘገበ በሌላ ስፍራ የተሠራውን በዚህ ስም መሸጥ አይፈቀድም። በኪሎ ብቻ አስልቶ የሚገዛ ሰው የሁለቱን ልዩነት ሳያውቅ ይቀራል።

ሥራው እንዳልደከመ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ አለ። በ2023 በዴልሂ ለተደረገው የቡድን ሃያ አገሮች ጉባኤ አዳራሽ ፊት የቆመው ናታራጃ የተሠራው በስዋሚማላይ ስታፓቲዎች ነው። ቁመቱ 27 ጫማ፣ ክብደቱ 18 ቶን ያህል ሲሆን ከስምንት ዓይነት ብረታ ብረት በዚሁ በጥንቱ የሰም አሠራር ወጣ።

እንግዲህ የዚህ ንግድ ሥርዓት ባጭሩ ሲታይ ይህን ይመስላል። ከስታፓቲው ደጅ ወደ ገበያ የሚወጣው ምስል ሸቀጥ ነው፤ ሠሪው ይሸጠዋል፣ ነጋዴውም ሊያተርፍበት ይገባል። ዓይኑ ተከፍቶ በቤተ መቅደስ የተቀመጠው ግን ባለቤት አለው፤ ያ ባለቤት መሬት ውስጥ ስድስት መቶ ዓመት ቢቀበር እንኳ መብቱ አይጠፋም። ነጋዴ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህ ዕቃ ከማን እጅ ወጣ ብሎ ቢጠይቅ ለራሱም ለሌላውም መልካም ነው።